በእንግዳ ቤት የሚሠራ ፕሮግራም

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



የጉባኤው አዘጋጅ ኮሚቴ ለአንድ ሥርዓተ ክወና የተጻፈን ፕሮግራም በሌላ ሥርዓተ ክወና ላይ ስለ ማሠራት እንድናገር በጠየቀኝ ጊዜ፣ በመጀመሪያ ያሰብሁት የዘዴዎቹን ዓይነት ቈጥሬ፣ የእያንዳንዱን ጥቅምና ጉዳት ተናግሬ ለመቀመጥ ነበር። ነገር ግን ለንግግሩ መዘጋጀት ስጀምር፣ ከጥቂት ዓመታት በፊት በእጄ ያለፈ አንድ ጉዳይ ከአሳቤ አልወጣ አለኝ። ስለዚህ በእርሱ እጀምራለሁ፤ ወደ እርሱም ተመልሼ እጨርሳለሁ። በመካከሉ የምጠቅሳቸው የታሪክ ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ እንድትረዱልኝ እለምናለሁ።

ስሙን መጥራት የማያስፈልግ አንድ መሥሪያ ቤት የሠራተኞቹን የአገልግሎት መዝገብ ለብዙ ዓመታት የያዘበት አንድ ፕሮግራም ነበረው። ፕሮግራሙ የተጻፈው ለዊንዶውስ 3.1 ሲሆን፣ የሚሠራበትም ኮምፒዩተር በመዝገብ ቤቱ ጥግ፣ ዳንቴል ለብሶ፣ ከመዝገብ ቤቱ ኃላፊ በቀር ማንም እንዳይነካው ተደርጎ ይኖር ነበር። አንድ ቀን መብራት ጠፍቶ ተመልሶ ሲመጣ ኮምፒዩተሩ አልነሣ አለ። ዲስኩ ሲመረመር ሥርዓተ ክወናው የተቀመጠበት ክፍል ተበላሽቶ፣ የፕሮግራሙና የመዝገቡ ፋይሎች ግን ደኅና ሆነው ተገኙ። እነዚህ ፋይሎች ወደ አዲስ ኮምፒዩተር ተገልብጠው ፕሮግራሙ እንዲነሣ ሲታዘዝ፣ አዲሱ ዊንዶውስ ይህ ፕሮግራም በዚህ ማሽን ላይ ሊሠራ አይችልም የሚል መልስ ሰጠ። ፕሮግራሙን የጻፈው ሰው ከአገር ከወጣ ቈይቶአል፤ ሶርስ ኮዱ የት እንደ ገባ የሚያውቅ አልተገኘም።

በዚያው ወር አንድ የጥበቃ ሠራተኛ ዕድሜያቸው ለጡረታ ደርሶ የአገልግሎት ማስረጃ ይጠብቁ ነበር። የወረቀት ማኅደራቸው መሥሪያ ቤቱ ሕንፃ በለወጠ ጊዜ ከጠፉት መካከል ስለ ነበረ፣ የቅጥራቸው ዘመን የሚገኘው በዚያ ፕሮግራም ውስጥ ብቻ ነው። የጡረታ አበል ለማግኘት ቢያንስ 10 ዓመት ማገልገል እንደሚያስፈልግ ታውቃላችሁ፤ ሰውየውም ከዚህ ወሰን ላይ እንደ ደረሱ እንጂ ብዙ አልፈው እንደማይሄዱ ይነገር ነበር። የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ እኔን ተቀብለው ወንበር ካሳዩኝ በኋላ፣ «ልጄ፣ ማሽኑ ቢሞት መዝገቡ አብሮት ይሞታል እንዴ?» ሲሉ ጠየቁኝ። በሙያችን ስለዚህ ጉዳይ ከተጻፉት መጻሕፍት መካከል ነገሩን እንደ እኚህ ወይዘሮ አጥርቶ ያስቀመጠ አላጋጠመኝም።

ለጥያቄያቸው መልስ ለመስጠት አስቀድሞ አንድ ፕሮግራም ከሚሠራበት ቤት ምን እንደሚፈልግ መለየት ያሻል። የሚፈልገው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ የተጻፈበትን የትእዛዝ ቋንቋ የሚያውቅ ፕሮሰሰር ነው። ሁለተኛው፣ ጥያቄውን የሚቀበልለት ሥርዓተ ክወና ነው። ፕሮግራም ራሱ ዲስክ አይነካም፤ ስክሪን ላይ አይጽፍም፤ ወረቀት አያትምም። ይህን ፋይል ክፈትልኝ፣ ይህን ያህል ሜሞሪ ስጠኝ፣ ይህን ጽሑፍ በዚህ መስኮት አሳይልኝ እያለ ያመለክታል እንጂ። በመሥሪያ ቤት የምናውቀውን ባለጉዳይ ይመስላል፤ ማመልከቻውን በተወሰነ ቅጽ ጽፎ፣ በተወሰነ መስኮት ያስገባል፤ መልሱንም በተወሰነ ቅጽ ይጠብቃል። ከመስኮቱ በስተጀርባ የተቀመጠው ጸሐፊ ማን እንደ ሆነ ባለጉዳዩ አያውቅም፤ ማወቅም አያስፈልገውም። በዚህ ጸሐፊ ፈንታ ሌላ ሰው ቢቀመጥና ያንኑ ቅጽ ተቀብሎ ያንኑ መልስ ቢሰጥ ጉዳዩ ያልቃል። እኛ ዛሬ የምንነጋገርበት ጥበብ ሁሉ የቆመው በዚህ አለማወቅ ላይ ነው።

ችግሩ ከፕሮሰሰሩ በኩል ሲሆን ነገሩ ይከብዳል፤ ታሪኩም ከዚያ ይጀምራል። አይ.ቢ.ኤም. በ1959 ለገበያ ያስተዋወቀው 1401 የተባለው ኮምፒዩተር ከ10,000 በላይ ተሠርቶ በብዙ አገር ያሉ ባንኮችንና ፋብሪካዎችን ያዳረሰ ማሽን ነበር። ኩባንያው በኤፕሪል 7 ቀን 1964 ሲስተም/360 የተባለውን አዲስ ቤተሰብ ሲያወጣ፣ አዲሶቹ ማሽኖች ከ1401 ጋር ምንም ዝምድና አልነበራቸውም። 1401 ቍጥርን በአሥራዊ ስሌት ፊደል በፊደል ያነብ ነበር፤ 360 ግን በባይት የሚሠራ ፍጹም ልዩ ማሽን ነው። እንግዲህ የደንበኞቹ የደመወዝና የሂሳብ ፕሮግራም ሁሉ እንደገና ይጻፍ ማለት ነው። ይህ የማይሞከር መሆኑን ተፎካካሪዎች ቀድመው ተረድተውት ነበር። ሃኒዌል የተባለው ኩባንያ በዲሴምበር 1963 ያወጣው ሞዴል 200 የ1401ን ፕሮግራሞች ወደ ራሱ ቋንቋ የሚመልስ «ሊበሬተር» የተባለ፣ ትርጓሜውም ነጻ አውጪ የሆነ ፕሮግራም ይዞ ቀረበ። የስሙ ድፍረት ያስቃል፤ አይ.ቢ.ኤም.ን ግን ያሳቀው አይመስለኝም። ኩባንያውም ለአንዳንዶቹ የ360 ሞዴሎች፣ ለምሳሌ ለአነስተኛው ሞዴል 30፣ የ1401ን ትእዛዝ በማይክሮኮድ አስመስሎ የሚሠራ መሣሪያ አዘጋጀ። ኢሙሌተር የሚለው ቃል በሙያችን የገባው በዚህ ሥራ ነው። በዚህም ምክንያት አዲሱን ማሽን የገዛ ድርጅት ለዓመታት አሮጌውን ፕሮግራም ሲያሠራበት መኖሩ የተለመደ ሆነ። አዲስ ማሽን ሰውን የሚያስከትለው የነበረውን ሥራ ተሸክሞ ሲመጣ እንደ ሆነ አምራቾቹ የተማሩት ያን ጊዜ ነው።

ከዚያ ወዲህ ያለውን በአጭሩ አልፈዋለሁ። በ1972 አይ.ቢ.ኤም. ባወጣው ቪኤም/370 አንዱ ትልቅ ማሽን ራሱን እንደ ብዙ ማሽን ከፋፍሎ በያንዳንዱ ላይ የተለያየ ሥርዓተ ክወና ማሠራት ቻለ፤ ቪኤምዌር የተባለው ኩባንያም በ1999 ይህንኑ በጠረጴዛ ኮምፒዩተር ላይ አደረገው። ቨርቹዋል ማሽን የምንለው ይኸው ነው። አፕል ፕሮሰሰር ሲለውጥ ሁለት ጊዜ ሮዜታ የተባለ አስተርጓሚ አቅርቦ ደንበኞቹን አሻግሯል፤ አንደኛውን በ2006 ሰጥቶ በ2011 ባወጣው ሥርዓተ ክወና ውስጥ አስቀረው፤ ሁለተኛውን በ2020 አመጣ። የመጀመሪያው ድልድይ የቆየው 5 ዓመት መሆኑን ልብ በሉልኝ።

አሁን ወደ እኔ ጉዳይ የሚቀርበውን ላንሣ። ፕሮሰሰሩ ያው ሆኖ ሥርዓተ ክወናው ብቻ ሲለይ፣ የሚያስፈልገው ማሽን አስመሳይ ሳይሆን በመስኮቱ የሚቀመጥ ሌላ ጸሐፊ ነው። የዊንዶውስን ፕሮግራም በሊኑክስ ላይ ለማሠራት በ1993 የተጀመረው ዋይን የተባለው ሥራ ይህን ያደርጋል። ስያሜው ዋይን ኢሙሌተር አይደለም የሚለው የእንግሊዝኛ ዐረፍተ ነገር አኅጽሮት ነው፤ ከመጠጡ ጋር ያለው ዝምድና የቃል ጨዋታ ብቻ ነው። ከ1994 ጀምሮ ሥራውን የሚመራው አሌክሳንደር ዡልያር ነው። ምሉእ ሆኗል ተብሎ 1.0 የሚል ቍጥር የተሰጠው በጁን 2008 ሲሆን፣ እስከዚያ ድረስ 15 ዓመት ፈጅቷል።

አሠራሩ በጥቂቱ እንዲህ ነው። የዊንዶውስ ፕሮግራም ፋይል በውስጡ የራሱን ትእዛዛትና ከዊንዶውስ የሚለምናቸውን አገልግሎቶች ዝርዝር ይዟል። ዋይን ፋይሉን ወደ ሜሞሪ ያስገባና በዝርዝሩ የተጠቀሰውን እያንዳንዱን አገልግሎት ከራሱ ላይብረሪ ያገናኘዋል። ከዚያ በኋላ የፕሮግራሙ ትእዛዛት ያለ አስተርጓሚ በቀጥታ በፕሮሰሰሩ ላይ ይሄዳሉ፤ ዋይን የሚገባው ፕሮግራሙ አንድ ነገር ሲለምን ብቻ ነው። ፕሮግራሙ የ«ሲ» ድራይቭን ሲጠራ፣ ዋይን በተጠቃሚው ቤት ውስጥ ወዳለ አንድ ተራ ፎልደር ይመራዋል። ሬጂስትሪ የተባለውን የዊንዶውስ መዝገብ ሲጠይቅ፣ ዋይን በጽሑፍ ፋይል ካስቀመጠው ያነብለታል። የፋይል ስም ጉዳይ እንኳ አንድ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ዊንዶውስ በላቲን ፊደል ትልቁንና ትንሹን ፊደል አይለይም፤ ሊኑክስ ይለያል። ስለዚህ ዋይን ፎልደሩን እያሰሰ በትልቅም ሆነ በትንሽ ፊደል የተጻፈውን ያንኑ ስም ይፈልጋል። ትልቅና ትንሽ የሌለበት ፊደል ለወረስን ለእኛ ይህ ጣጣ የሚገርም ነው፤ ይሁን እንጂ ስንት ፕሮግራም በዚህች ብቻ ወድቋል።

አንድ ሰው ታዲያ ይህን ያህል ቀላል ከሆነ 15 ዓመት ስለ ምን ፈጀ ብሎ ቢጠይቅ ጥያቄው ትክክል ነው። አገልግሎቶቹ በሺህ የሚቈጠሩ መሆናቸው አንድ ምክንያት ነው፤ ዋናው ምክንያት ግን ሌላ ነው። ሥርዓተ ክወና በመመሪያ መጽሐፉ ከተጻፈው ይልቅ ያልተጻፈው ልማዱ ይበዛል። መመሪያው ይህ አገልግሎት ስሕተት ሲያጋጥመው እንዲህ ይመልሳል ይላል፤ በተግባር ግን ሌላ ይመልሳል፤ ፕሮግራም ጸሐፊውም መመሪያውን ሳይሆን በተግባር ያየውን ተከትሎ ጽፏል። እንግዲህ በእንግዳው ቤት የተቀመጠው ጸሐፊ የባለቤቱን ግዴታ ብቻ ሳይሆን ስሕተቱንም፣ ዐመሉንም፣ ዝምታውንም መማር አለበት። የዋይን ሠሪዎች የማይክሮሶፍትን ሶርስ ኮድ ያየ ሰው በሥራው እንዳይገባ የሚከለክል ደንብ አላቸው። ስለዚህ የሚያደርጉት ትንንሽ የፈተና ፕሮግራሞችን ጽፈው በእውነተኛው ዊንዶውስ ላይ ማሠራትና መልሱን መመዝገብ፣ ከዚያም ዋይን ያንኑ መልስ እስኪሰጥ ድረስ ማረም ነው። ምስክር አቁሞ ቃል መቀበል ልንለው እንችላለን። ወደዚህ ነገር ኋላ እመለሳለሁ።

ማይክሮሶፍት ራሱ ከዚህ ቀንበር ነጻ አልነበረም። ዊንዶውስ 95 በ1995 ሲዘጋጅ፣ ሲም ሲቲ የተባለው ጨዋታ የመለሰውን ሜሞሪ ተመልሶ የማንበብ ጕድለት እንደ ነበረበትና፣ በአሮጌው ሥርዓት ሳይታወቅ ያለፈው ይህ ጕድለት በአዲሱ ላይ ጨዋታውን ስለ ጣለው፣ ሠሪዎቹ ይህ ጨዋታ ሲነሣ ብቻ ሜሞሪውን በተለየ መንገድ እንዲይዝ ማድረጋቸው ይተረካል። በተቃራኒው ደግሞ ማይክሮሶፍት በ2016 የሊኑክስን ፕሮግራሞች በዊንዶውስ ላይ ለማሠራት፣ ልክ እንደ ዋይን፣ ጥያቄያቸውን እየተረጐመ የሚመልስ ክፍል አውጥቶ ነበር። በ2019 ያስተዋወቀው ሁለተኛው ዓይነት ግን ትርጕሙን ትቶ እውነተኛውን የሊኑክስ ከርነል በቀላል ቨርቹዋል ማሽን ውስጥ አስቀመጠ። ያን የሚያህል ሀብት ያለው ኩባንያ የሌላውን ቤት ልማድ ከመማር ይልቅ ባለቤቱን ይዞ መምጣት ቀለለው ማለት ነው። እኔ በዚህ አልፈርድበትም።

የንግዱንና የሕጉን ነገር ጨርሼ ሳላነሣ ብቀር ቅሬታ ይቀርብብኝ ይሆናል። አይ.ቢ.ኤም. በ1992 ያወጣው የኦኤስ/2 እትም የዊንዶውስን ፕሮግራሞች ደኅና አድርጎ ያሠራ ነበር፤ እንደ እኔ አስተያየት የጐዳውም ይኸው ነው፤ ለዊንዶውስ የተጻፈው እዚያም የሚሠራ ከሆነ ለኦኤስ/2 ብሎ የሚጽፍ ማን ነው? በሌላ በኩል ቫልቭ የተባለው የጨዋታ ኩባንያ በ2018 በዋይን ላይ የተመሠረተውን ፕሮቶንን አውጥቶ፣ በ2022 በሊኑክስ የሚሠራ የእጅ ማጫወቻ ለገበያ ሲያቀርብ፣ አብዛኞቹ ጨዋታዎች ለዊንዶውስ የተጻፉ መሆናቸው ጠቀመው እንጂ አልጐዳውም። ሕጉን በተመለከተ፣ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በኤፕሪል 2021 በጉግልና በኦራክል መካከል በነበረው ክርክር፣ ጉግል ከጃቫ ወደ 11,500 የሚጠጉ የአገልግሎት ማስታወቂያ መስመሮችን መገልበጡ ፍትሓዊ አጠቃቀም ነው ብሎ በ6 ድምፅ ለ2 ወስኗል። የቅጹን ቃል መገልበጥ የጸሐፊውን ሥራ መስረቅ ነው ወይ የሚለው ጥያቄ ግን በዚያ ውሳኔ ከሥሩ አልተፈታም።

ወደ መዝገብ ቤቱ ልመለስ። አዲሱ ዊንዶውስ ያንን ፕሮግራም ያልተቀበለው ከክፋት አይደለም። ፕሮግራሙ ባለ 16 ቢት ነው፤ ባለ 64 ቢት የሆኑት የዊንዶውስ ዓይነቶች የ16 ቢት ፕሮግራም ማሠሪያውን አስቀርተዋል፤ በ2021 የወጣው ዊንዶውስ 11 ደግሞ ባለ 64 ቢት ብቻ ነው። ነገሩን የሚያስገርም የሚያደርገው፣ ባለ 64 ቢት ሊኑክስ ላይ የተጫነ ዋይን ባለ 16 ቢቱን የዊንዶውስ ፕሮግራም መቀበሉ ነው። ልጅ ያባረረውን አባት ጎረቤት አስጠጋው እንደ ማለት ነው። አሮጌ ዊንዶውስን በቨርቹዋል ማሽን መትከልም ይቻል ነበር፤ ነገር ግን የመሥሪያ ቤቱ የመጫኛ ፍሎፒዎች አልተገኙም። ስለዚህ አንድ ኮምፒዩተር ላይ ሊኑክስና ዋይን ጭኜ ፋይሎቹን ገለበጥሁ። ፕሮግራሙ ተነሣ። የመሥሪያ ቤቱ አርማ፣ ከሥሩም የአማርኛው ርእስ በስክሪኑ ላይ ሲወጣ ኃላፊዋ እልል አሉ። እኔም፣ መናገር አለብኝ፣ ሥራዬን የጨረስሁ መሰለኝ።

የጥበቃ ሠራተኛውን ስም አስገብተን የአገልግሎት ዘመናቸውን ፕሮግራሙ እንዲያሰላ አደረግን። 9 ዓመት ከ10 ወር የሚል መጣ። ሰውየው በበሩ አጠገብ ቆመው ነበርና፣ አንገታቸውን ደፍተው «እንግዲህ የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው» አሉ። ኃላፊዋ ግን መነጽራቸውን አድርገው ስክሪኑን ደግመው አዩና፣ «ይህ ልክ አይደለም፤ እሳቸው የተቀጠሩት በመጋቢት አይደለም፤ ገና ሳምንት ሳይሞላቸው ለኅዳር ሚካኤል ፈቃድ ጠይቀው የተቈጣሁ እኔ ነኝ» ብለው የፈቃድ መዝገቡን ከመደርደሪያ አወረዱ። በወረቀት የተያዘው የፈቃድ መዝገብ ደኅና ነበረ። በዚያ ዓመት፣ ኅዳር 12 ቀን፣ የአንድ ቀን ፈቃድ ተጽፏል።

ምክንያቱን ያገኘሁት በማግሥቱ ነው። በመዝገቡ ፋይል ውስጥ የቅጥሩ ዕለት በቍጥር 07/03 ተብሎ ተቀምጧል። ፕሮግራሙን የጻፈው ሰው፣ ጥንቁቅ ሰው ነበርና፣ ቀን ይቅደም ወይስ ወር የሚለውን በራሱ አልወሰነም፤ በዚህ ቤት ልማዱ የትኛው ነው ብሎ ሥርዓተ ክወናውን እንዲጠይቅ አድርጎ ነው የጻፈው። አሮጌው ኮምፒዩተር ሲተከል አንድ ሰው የአገሩን ልማድ ቀን እንዲቀድም አድርጎ አስተካክሎት ነበር። እኔ የጫንሁት ሊኑክስ ግን በአሜሪካ እንግሊዝኛ የተጫነ ስለ ሆነ፣ ዋይን ለዚያው ጥያቄ ወር ይቀድማል ሲል መለሰ። ኅዳር 7 የነበረው መጋቢት 3 ሆነ። ፕሮግራሙ በትክክል ጠየቀ፤ ዋይን በትክክል መለሰ፤ ሁሉም ሥራውን ሠራ፤ አንድ የስሕተት መልእክት እንኳ አልወጣም። የቀኑ ቍጥር ከ13 ያልበለጠው ሠራተኛ ሁሉ፣ ጳጕሜን 13ኛ ወራችን ናትና፣ ቀኑና ወሩ አንድ ቍጥር ካልሆነ በቀር ወሩ ተለውጧል። ከ13 የበለጠውን ፕሮግራሙ እንደ ስሕተት ሳይቈጥር በገዛ ራሱ ገልብጦ አንብቦታልና፣ ከፊሉ ትክክል፣ ከፊሉ ስሕተት የሆነ መዝገብ ወጣ። ሁሉም ስሕተት ቢሆን ኖሮ ቶሎ ባወቅሁት ነበር።

ባልደረቦቼ፣ ይህ ጥፋት የእኔ እንጂ የዋይን አልነበረም። የዋይን ሠሪዎች ሺህ ጊዜ የሚያደርጉትን፣ ምስክር አቁሞ መልስን ከመልስ ማስተያየትን፣ እኔ አንድ ጊዜ እንኳ ሳላደርግ ፕሮግራሙ ስለ ተነሣ ብቻ ተደስቼ ነበር። መነሣትና ልክ መሆን ሁለት ነገር ናቸው። ኃላፊዋ ባያስታውሱ ኖሮ ያ ወረቀት በማኅተም ይወጣ ነበር።

የአገሩ ልማድ ከተስተካከለ በኋላ ሁለተኛው ነገር መጣ። ፕሮግራሙ በሚገባ ስለ ሠራ፣ መዝገቡን ወደ አዲስ ፕሮግራም ለማዛወር የስሞቹን ዝርዝር ገልብጬ በሌላ ጽሑፍ ውስጥ ብለጥፈው፣ የአማርኛው ስም ሁሉ የላቲን ፊደልና የነጠላ ሰረዝ ክምር ሆነ። በዕድሜ የገፋችሁ ምክንያቱን ታውቃላችሁ። ፊደላችን በዩኒኮድ ውስጥ ቦታ ያገኘው በ1999፣ በ3.0 እትም ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት ፕሮግራሞች ላቲን በተቀመጠበት ቦታ የአማርኛ ቅርጽ ይተክሉ ነበር። በአንድ ፎንት ውስጥ የነበረው ቦታ 256 ብቻ፣ ፊደላችን ግን ከእነ ዘሩ ከ300 በላይ ስለ ሆነ፣ አንዳንዱ ፊደሉን በሁለት ፎንት ይከፍለው፣ አንዳንዱም ቅርጹን ከግንዱና ከቅጥያው ይገጣጥመው ነበር። ሁሉም በየራሱ መንገድ ነው የሄደው። ስለዚህ በዋይን ውስጥ ያየነው አማርኛ ከፎንቱ ጋር ሲሆን ብቻ አማርኛ ነው፤ ከዚያ ቤት ከወጣ ስም መሆኑ ይቀራል። በዚሁ ላይ፣ በአሮጌው ዘመን አማርኛ ለመጻፍ የሚያገለግሉት የኪቦርድ ፕሮግራሞች በዋይን ውስጥ ሲነሡ የሚሰሙት በዋይን መስኮት የተመታውን ቁልፍ ብቻ ነው፤ በሊኑክሱ ጽሑፍ ማዘጋጃ ላይ የሚመታውን አይሰሙም። አሮጌው ሥራ ከአዲሱ ጋር ጎን ለጎን ተቀምጦ አይነጋገርም።

አንድ የማከብራቸው ባልደረባ፣ ዛሬም በመካከላችን አሉ፣ ያን ጊዜ የሰጡኝ ምክር ተዉት እንደ ሆነ ይቀመጥ የሚል ነበር። ፕሮግራሙ ይሠራል፤ ቀኑ ተስተካክሏል፤ ወጪ ለምን ይጨመራል? ምክራቸው ሞኝነት አይደለም፤ 1401ን በ360 ላይ ያሠሩት ድርጅቶችም ይህንኑ ብለዋል። እኔ ያልተቀበልሁት በአንድ ምክንያት ነው። በእንግዳ ቤት የሚኖር ፕሮግራም የሚኖረው ቤቱን የሚጠብቅለት ሰው እስካለ ድረስ ነው። ሮዜታ 5 ዓመት ኖሮ ተነሣ። ማይክሮሶፍት የ16 ቢቱን ማሠሪያ ባለ 64 ቢቱ ውስጥ አላስገባም። ዋይን በበጎ ፈቃደኞችና በጥቂት ኩባንያዎች ድካም ይኖራል፤ ለስንት ጊዜ እንደሚኖር የሚዋስልን የለም። ፕሮግራሙ መዝገቡን ከተሸከመው፣ መዝገቡ የእኛ አይደለም፤ የፕሮግራሙ ነው።

ስለዚህ ዛሬ መሥሪያ ቤቶች ስለ አዲስ ፕሮግራም ግዥ ሲያማክሩኝ፣ ስለ ዋጋውና ስለ ውበቱ ከመናገሬ በፊት የምጠይቀው፣ መዝገቡ ያለ ፕሮግራሙ ሊነበብ በሚችል ተራ ጽሑፍ፣ በዩኒኮድ፣ በየወሩ ይወጣል ወይ የሚለውን ነው። የፋይሉ አቀማመጥ በጽሑፍ ተሰጥቶ ከውሉ ጋር ይታሰር እላለሁ። ቀን ሲጻፍ ወሩ በስሙ ይጻፍ እላለሁ፤ ኅዳር ብሎ የጻፈን መዝገብ ማንም ሥርዓተ ክወና መጋቢት ብሎ አያነበውም። ሻጮቹ በዚህ ብዙ ደስ አይላቸውም።

መዝገቡን ለማውጣት ከፕሮግራሙ ይልቅ ፋይሉን ራሱን ማንበብ ነበረብኝ። የያንዳንዱ ሠራተኛ መዝገብ ርዝመቱ እኩል ስለ ሆነ ክፍሎቹን መለየት አልከበደም። የከበደው ፊደሉ ነው። በዋይን ውስጥ አንድ በአንድ እየጻፍሁ፣ ለየትኛው ፊደል የትኛው ቍጥር እንደሚቀመጥ የሚያሳይ ሠንጠረዥ ሠራሁ፤ በዚህ ሥራ አሮጌው ፕሮግራም ምስክር ሆኖ አገለገለኝ። በዚያው ሠንጠረዥ የተመለሰውን ስም ሁሉ ዋይን በስክሪኑ ከሚያሳየው ጋር አስተያየን። ጥቂት ስሞች አልተስማሙም። ከመጻፊያው ሰው ስሕተት ይሁን፣ ከቅጥያው አገጣጠም፣ በፋይሉ ብቻ የሚለይ አይደለም፤ የምድቡ «ሐ» ይሁን «ኀ» የሚያጠራጥሩም አሉ። ኃላፊዋ እነዚህን ስሞች በወረቀት ከተረፈው ማኅደር ጋር ማመሳከር ጀምረዋል፤ በዚህ ዓመትም ጡረታ ስለሚወጡ ለተተኪያቸው እያሳዩ ነው። የጥበቃ ሠራተኛው ማስረጃ 10 ዓመት ከ2 ወር በሚል ወጥቶላቸዋል። ስሞቹ ተመሳክረው እስኪያልቁ ዋይኑ በዚያ ኮምፒዩተር ላይ ይቆያል፤ በስክሪኑ ግርጌም ኃላፊዋ በገዛ እጃቸው «ቀን ይቀድማል፤ አትንኩ» ብለው የጻፉት ወረቀት ተለጥፎበታል።